ቀይ የለቀቀው አጅራክ፦ ስለ ካች የማኅተም ጨርቅ የተደረገ ውይይት

መነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ለትምህርት በህንድ የጉጃራት ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ወደ አህመዳባድ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ጥር አጅራክ የሚባለውን፣ በሰማያዊና በቀይ መደብ ላይ ነጭና ጥቁር ሐረግ የሚወጣበትን፣ የዚሁ የጉጃራት ክፍል የሆነውን የካችን ጨርቅ ከአንድ ሱቅ በ1,800 ሩፒ ገዛሁ። ሻጩ ጨርቁ በተቀረጸ የእንጨት ማኅተም በእጅ የታተመ፣ ቀለሙም ከተክል የወጣ መሆኑን ደጋግሞ ስለነገረኝ ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ። በፋሲካ ማግስት ከነጭ ነጠላዬ ጋር በአንድ ሳፋ ብዘፈዝፈው ግን ውሃው ወዲያው ቀላ፤ ነጠላዬም ጥበቡ አጠገብ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ቀይ እድፍ ይዞ ወጣ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ባሸውም አልለቀቀም።

እስካሁን የማውቀው መለያ አንድ ብቻ ነበር። የእጅ ሥራ እንከን አያጣም፤ የፋብሪካ ሥራ ግን እንከን የለውም፤ ስለዚህ መስመሩ የተዛነፈ ጨርቅ የእጅ ነው እል ነበር። የእኔ ጨርቅ መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ ተዛንፏል። ታዲያ ስለምን ለቀቀ? እውነተኛውን ከማስመሰያው በምን እንደምትለዩ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ከዚህ በታች የሰፈረው የመጡት መልሶች ትረካ ነው። በተራ ቁጥራቸው ያስቀመጥኋቸው ሲሆን፣ አንዳንዱን ያሳጠርሁት ሌላው ስለደገመው ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው ተሳታፊ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ፣ አጅራክ በካች ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን አስረዳ። በፓኪስታኑ የሲንድ ክፍለ ሀገር፣ በራጃስታንም ባርመር አካባቢ ይታተማል። ስሙን ብዙዎች ሰማያዊ ማለት ከሆነው ከዓረብኛው አዝረቅ ጋር ያያይዙታል፤ አታሚዎቹ ግን ለዛሬ አቆየው ከሚል የአገራቸው አባባል የመጣ ነው ይላሉ። የቋንቋውን ክርክር ለባለሙያዎች ትቶ፣ ሥራውን ያየ ሰው የአታሚዎቹን ትርጓሜ ለምን እንደሚወድ እንደሚገባው ጨመረ፤ ጨርቁ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቀን አለውና።

መልስ 2

ሁለተኛዋ ተሳታፊ ከመለያዬ ጀመረች፤ አልራራችልኝምም። የዛሬ ማተሚያ መሣሪያ የእጅ ሥራን ፎቶ አንሥቶ እስከነመዛነፉ ስለሚገለብጥ፣ መዛነፉን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው መታለሉ አይቀርም አለች። ከዚያም በላይ፣ ጎበዝ አታሚ ማኅተሙን ሲያሳርፍ መጋጠሚያው እንዳይታወቅ አድርጎ ነውና፣ እንከንን የእጅ ሥራ ምልክት ማድረግ ዕድሜውን ሙሉ እንከን ለማጥፋት የደከመውን ባለሙያ መናቅ ነው ስትል ጻፈች። ይህ አባባሏ ልቤን ነካው። ለካ ሳላውቅ ሸማኔዎቻችንንም በዚሁ ዓይን ሳያቸው ኖሬአለሁ።

መልስ 3

ሦስተኛው ሰው ቀለም መልቀቁ ብቻውን የማስመሰያ ማስረጃ እንዳልሆነ አሳሰበ። ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ የተክል ቀለም የጨርቁን ክር ከውጭ ብቻ የሚሸፍን ስለሆነ፣ እውነተኛው ተክል እንኳ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይለቃል፤ ሲታሽም እጅን ሰማያዊ ያደርጋል። ስለዚህ ሻጩን ከመውቀሴ በፊት ነጠላዬን የነካው የትኛው ቀለም እንደሆነ ለይቼ እንድናገር ጠየቀኝ።

መልስ 4

ይህ የእኔ ነው። እድፉ ቀይ መሆኑን፣ ሰማያዊ ግን ጭራሽ አለመኖሩን መለስሁ።

መልስ 5

ውይይቱን ያቀናው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊዋ የጨርቃ ጨርቅ ንድፍ ተማሪ ስትሆን፣ ከካቿ ቡጅ ከተማ ብዙም በማይርቀው በአጅራክፑር መንደር ሳምንታት ተቀምጣ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትላለች። ከ14 እስከ 16 የሚደርሱትን ደረጃዎች ሁሉ አልዘረዘረችም፤ የእኔን እድፍ የሚመለከቱትን መርጣ ብቻ አስረዳች።

ጥጡ አስቀድሞ ይታጠባል፤ ከዚያ በጉሎ ዘይት፣ በሶዳና በግመል ፋንድያ ተለውሶ ይታሻል፤ ክምር ሆኖ ያድራል፤ ይሰጣል፤ ይኸው ይደጋገማል። ቀጥሎ ሃርዳ በሚባል መራራ ፍሬ ዱቄት ይነከርና ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ማኅተም የሚያርፈው በዚህ ቢጫ ጨርቅ ላይ ነው። ይህ ማኅተም ቀለም አይዝም፤ የያዘው የኖራና የግራር ሙጫ ድብልቅ ነው፤ በኋላ ነጭ ሆኖ የምናየው መስመር ከቀለም የተጠበቀው ይህ ቦታ ነው። ጥቁሩ የሚገኘው የብረት ቁርጥራጭ ካልተጣራ የአገዳ ስኳር ጋር በውሃ ተዘፍዝፎ ቀናት ሲቦካ ከሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ በተፈጨ የሮቃ ፍሬ ይወፍርና ይታተማል፤ ሃርዳ የጠጣውን ጨርቅ ሲነካም እዚያው ይጠቁራል። ወደፊት ቀይ የሚሆነው ቦታ ደግሞ አሉም በሚባለው ጨው ይታተማል፤ በዚህ ጊዜ ግን ገና ምንም ቀይ አይታይም። በላዩ ጭቃና ሙጫ ይደፈንበታል፤ ጭቃው እንዳይጣበቅ የደረቀ ፋንድያ ዱቄት ወይም ሰጋቱራ ይነሰነስበታል፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ ወደ ኢንዲጎው ጉድጓድ ይገባል። ከጉድጓዱ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው፣ ሰው እየተመለከተው፣ ወደ ሰማያዊ ይዞራል።

ቀዩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጨርቁ ታጥቦ ጭቃው ሲለቅ፣ ቀይ ሥር ባለው ተክል ወይም አሊዛሪን በሚባለው ቀለም በተሞላ ትልቅ የመዳብ ጋን ውስጥ ይቀቀላል። ቀለሙ የሚይዘው አሉም የታተመበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላውን አልፎት ይሄዳል። እንግዲህ ይህ ቀይ ከጨርቁ ጋር የተጣመረው በጨው አማካይነት፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ የተረፈው ቀለም በእጥበት ከወጣ በኋላ ለብ ባለ የሳፋ ውሃ ወዲያው አይለቅም። ቀይ ለቆ ሰማያዊው ካልለቀቀ፣ ጨርቁ በዚህ መንገድ ያልሄደ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው ስትል ፈረደች፤ እኔም ያን ቀን ስለነጠላዬ ማዘኔ ቀርቶ ቀለሙን ማሰብ ጀመርሁ።

መልስ 6

አንድ ሰው ለመልስ 5 ምስጋና ብቻ ጽፎ ወጣ።

መልስ 7

ሰባተኛው ተሳታፊ በትልቅ ኩራት፣ አጅራክ ከ4,000 ዓመት በላይ የዘለቀ መሆኑን አበሰረ። ማስረጃ ያደረገው በሲንድ ባለችው ጥንታዊት የሞሄንጆ ዳሮ ከተማ ፍርስራሽ የተገኘውን፣ ቄሱ ንጉሥ ተብሎ የሚጠራውን ትንሽ የድንጋይ ምስል ነው። ምስሉ በትከሻው ላይ የጣለው ልብስ ባለ ሦስት ቅጠል ጌጥ አለበት፤ ይህም ጌጥ ዛሬ በአጅራክ ላይ ከምናየው የደመና ሐረግ ጋር አንድ ነው ባይ ነው።

መልስ 8

ይህን የተቃወመው ሰው ቃሉ ለስላሳ፣ ክርክሩ ግን ጥብቅ ነበር። በሞሄንጆ ዳሮ በቀይ ሥር የተነከረ የጥጥ ቁራጭ መገኘቱን አልካደም፤ ስለዚህ ጥጥን በዚያ ቀለም የመንከር ዕውቀት በኢንዱስ ሸለቆ እጅግ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ቅጠል ተነሥቶ፣ ልብሱ በእንጨት ማኅተም የታተመ ነበር ማለት አይቻልም፤ ጥልፍም፣ የተሰፋ ጌጥም ሊሆን ይችላል። እጅ ላይ ያለው ማስረጃ ግብፅ ውስጥ የተገኘው ነው አለ። በፉስታት፣ ማለትም በዛሬዋ ካይሮ፣ ከጉጃራት የሄዱ የታተሙ የጥጥ ቁርጥራጮች በብዛት ወጥተዋል፤ በኦክስፎርድ የሚገኘው አሽሞሊያን ቤተ መዘክርም ትልቅ ስብስብ ይዟል። ከእነዚህ ቁርጥራጮች አንዳንዶቹ ከዛሬው አጅራክ ጋር ያላቸው ዝምድና በዓይን የሚታይ ነው። የዛሬዎቹ የካች አታሚዎች፣ ካትሪ የሚባሉት ቤተሰቦች ደግሞ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን በካች ገዥ በራኦ ባርማል ዘመን ከሲንድ መጥተው ዳማድካ በተባለ መንደር፣ ለእጥበት በሚመች ወንዝ ዳር እንደሰፈሩ ይተርካሉ።

መልስ 9

መልስ 7ን የጻፈው ሰው ተቆጥቶ ተመለሰ። የአውሮፓ ቤተ መዘክር ያላከማቸውን ሁሉ አልነበረም የምትሉ፣ የራሳችሁንም ታሪክ እንዲሁ ነው የምታሳንሱት አለ። ተቃዋሚው አልመለሰለትም። እኔ ግን ጉዳዩን ሳስበው፣ ግብፅ ድረስ በመርከብ ተጉዞ በደረቅ አፈር ውስጥ መቶ ዓመታትን ያለፈ ጨርቅ ለዚህ ሙያ በቂ ክብር ይመስለኛል፤ የድንጋዩ ምስል ባይጨመርበትም አይጎድልበትም።

መልስ 10

አሥረኛው መልስ ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ጸሐፊው በመጀመሪያ፣ ተመሳሳይ ጉድለት በእኩል ርቀት ከተደጋገመ ጨርቁ የማሽን ነው የሚባለውን የገበያ ምክር አረመ። ማኅተሙ ራሱ ጠርዙ ላይ ከተሸረፈ፣ ሽርፋቱ ማኅተሙ ባረፈበት ሁሉ ይደገማል፤ ስለዚህ መደጋገሙ ብቻ ምንም አይናገርም። የሚናገረው በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ የሰው እጅ አንዴ በክር ስፋት ያጠብቀዋል፣ አንዴ ያላላዋል፤ አንዱ ማኅተም በርትቶ ሲመታ ሌላው ይሳሳል። ጠርዙ በሚዞርበት ማዕዘን ላይ ደግሞ አታሚው ሐረጉን እንዴት እንደሚያገናኝ መወሰን ስላለበት፣ ውሳኔው በዓይን ይታያል።

ሁለተኛው ምክሩ ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው። ጨርቁ በጉድጓድና በጋን ውስጥ ስለሚነከር፣ በአንድ በኩል ብቻ የታተመ አጅራክ እንኳ ጀርባው ሰማያዊና ቀይ ይጠጣል፤ ነጩ መስመር ብቻ ይደበዝዛል። በስክሪን፣ ማለትም ቀለም በሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ማተሚያ የተቀባ ጨርቅ ግን ቀለሙ ፊቱ ላይ ይቀርና ጀርባው ይገረጣል። ከሁሉም የሚከብደው በሁለቱም ፊት የሚታተመው፣ ቢፑሪ የሚሉት ዓይነት ነው። በእሱ ላይ የጀርባው ማኅተም ከፊቱ ማኅተም ጋር ፍጹም መገጣጠም አለበት። የካች ከብት አርቢዎች የሚለብሱት እንዲህ ያለውን ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ የሚለብስ ሰው ገልብጦ እንዳይለብስ ነው የሚል ማብራሪያም ሰምቷል። ያኔ ተነሥቼ የእኔን ጨርቅ ገለበጥሁት። ጀርባው ነጣ ያለ ሆኖ አገኘሁት፤ ሐረጉ በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ነገር ብቻ ይታያል።

መልስ 11

ከዚህ በኋላ የውይይቱ መንፈስ ተለወጠ። አሥራ አንደኛው ተሳታፊ፣ አብዛኞቻችን 1,800 ሩፒ የወር አስቤዛችን ሆኖ ሳለ፣ በስክሪን የታተመ ጨርቅ የገዛን ሰው እንደ ሌባ ተባባሪ መቁጠር ግፍ ነው አለ። ሐረጉ ያማረው ሁሉ እንዲለብሰው ያስቻለው ፋብሪካው ነው፤ እናንተ ግን ሙያውን ለባለጠጋ ብቻ ልታስቀሩት ትፈልጋላችሁ ሲል ከሰሰ።

መልስ 12

መልሱ የመጣው እናቷ ሽሮ ሜዳ ጥበብ ከምትሸጥ ሴት ነው፤ ቃሏም እሳት ነበር። ከውጭ አገር እየታተመ የሚገባው ጥበብ መሳይ ጨርቅ ገበያውን ከሞላው ወዲህ ደንበኛ ወደ እናቷ መደብ መጥቶ ዋጋ ሲሰማ የሚስቅባት መሆኑን ጻፈች። ለሸማኔው የሳምንታት ድካም የሚጠየቀው ዋጋ ውድ የሚመስለው ማስመሰያው አጠገቡ ስለተሰቀለ ነው አለች። ርካሽ ጨርቅ መሸጡን አትቃወምም፤ የምትቃወመው በእጅ የተሠራ ነው ተብሎ መሸጡን ነው። ይህን ውይይት የከፈተው ሰው የተታለለውም በዚህ እንጂ በስክሪኑ አይደለም ብላ ደመደመች። እኔም ከዚህ የተሻለ አድርጌ ጉዳዬን ማስረዳት አልችልም ነበር።

መልስ 13

አሥራ ሦስተኛው ሰው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ጨዋታውን ወደ ሌላ ወሰደው። በአገራችን የብራና መጻሕፍት የእንጨት ገበታ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቆዳው በማይሸፍነው መካከል ጨርቅ እንደሚለጠፍ፣ ከእነዚህም ጨርቆች መካከል ከህንድ የመጡ የታተሙ ጥጦች እንደሚገኙ አስታወሰ። በልጅነቱ ድቁና ሲማር፣ መጽሐፉ ሲከፈት ከፊደሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው እዚያች ባለ አበባ ቁራጭ ላይ እንደነበረ ጻፈ።

መልስ 14

ሌላው በዚሁ ላይ ጨመረ። በ1ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕርና የህንድ ውቅያኖስ የነጋዴ መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የህንድን ብረትና የህንድን የጥጥ ጨርቅ ይቆጥራል። እንግዲህ የህንድ ጥጥ ወደ እኛ ዳርቻ መምጣት የጀመረው ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ነው። ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ስለ አዱሊስ ብቻ ሊሆን ሲል፣ መልስ 15 መለሰው።

መልስ 15

ይህ ተሳታፊ ስለ ውሃ ጻፈ። የዳማድካ አታሚዎች የኖሩበት ወንዝ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ጉድጓድ ውሃ ዞሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2001፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 18 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በህንድ የሪፐብሊክ በዓል ጠዋት ካች በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። ብዙ ሺህ ሰዎች ሞቱ፤ የአታሚዎቹም ቤቶችና ሥራ ቦታዎች ፈረሱ። ቤት እንደገና ይሠራል፤ ውሃው ግን ተለወጠ፤ በውስጡ ያለው ብረት ጨመረ። መልስ 5ን ያነበበ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ብረት ሃርዳ በጠጣ ጨርቅ ላይ ጥቁር ነውና፣ ብረት የበዛበት ውሃ ቀዩንም ነጩንም ያጨልማል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች ተነሥተው ውሃው የሚስማማ ቦታ ፈለጉ፤ አዲሱን መንደርም በሙያቸው ስም አጅራክፑር አሉት። ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሰው የሚሰፍርበትን መሬት ለቀለሙ ሲል መምረጡ ከልቤ አልወጣ አለ።

መልስ 16

በዚህ መካከል አንድ ጥብቅ ሰው መጥቶ፣ ዛሬ በካች ብዙዎች የሚቀቅሉት በፋብሪካ አሊዛሪን ስለሆነ እውነተኛ አጅራክ የሚባል ነገር አልቀረም፤ ሁላችሁም ስለሌለ ነገር ትከራከራላችሁ አለ።

መልስ 17

የመልስ 5 ጸሐፊ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቋል። አሊዛሪን እ.ኤ.አ. በ1869 የባለቤትነት መብት ተሰጥቶት በጀርመንና በእንግሊዝ መመረት ሲጀምር፣ ሳይንቲስቶቹ ያደረጉት በቀይ ሥር ውስጥ ያለውን ያንኑ ውሁድ በፋብሪካ ማምጣት ነበር። አሉም የሚያስፈልገው ለሁለቱም ነው፤ መቀቀሉም፣ ኖራውም፣ ጭቃውም አልቀረም። ሙያውን ክፉኛ የጎዳው አሊዛሪን ሳይሆን፣ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የመጣው፣ ደረጃዎቹን ሁሉ የሚዘልለው ፈጣን የኬሚካል ቀለምና አርቢዎቹ ሳይቀሩ የወሰዱት ርካሹ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ያን ጊዜ የዳማድካው መሐመድ ሲዲክ ካትሪ የተክል ቀለሙን አሠራር መልሶ አቆመው፤ ልጆቹንም አስተማረ፤ ከልጆቹ አንዱ እስማኤል መሐመድ ካትሪ ሙያውን ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ነው። ሥሩን የሚፈልግ ገዢ በሥር የተቀቀለ መሆኑን ጠይቆ ተጨማሪውን ይክፈል፤ አሊዛሪን የተጠቀመውን አታሚ ግን ሐሰተኛ ማለት አይገባም አለች። ጥብቁ ሰው አልተመለሰም።

መልስ 18

አንዲት ተሳታፊ የእውነተኛውን እጥበት ጠየቀች። ሦስት ሰዎች ተከታትለው መለሱላት፤ ሁሉም በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ በጥላ ይሰጣል፤ ኮምጣጤና ሎሚ አይነካውም፤ አሲድ ብረቱን ስለሚያሟሟው ጥቁሩ ይሳሳልና።

መልስ 19

የመጨረሻው የእኔ ነው። በግንቦት መጨረሻ ከአህመዳባድ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዤ አጅራክፑር ደረስሁ። ያነጋገሩኝ አባት በዕድሜ የገፉ አታሚ ናቸው፤ የያዝሁትን ጨርቅ ሲያዩ ሳይነኩት ገና ከሩቁ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ሻጩ ግን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ረጅም ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ማኅተም ሲያሳርፉ ቆሜ አየሁ። የግራ ጣታቸው የቀደመውን ሐረግ ጫፍ ይዳስሳል፤ ማኅተሙን በቀኝ እጃቸው ያስቀምጡና በቡጢያቸው ጎን አንዴ ይመቱታል፤ ሲያነሡት መጋጠሚያውን ፈልጌ አጣሁት። ማኅተሞቹ የተቀረጹት ጋንዲናጋር አጠገብ ባለችው በፔታፑር ሲሆን፣ አንዳንዱ ከአባታቸው የተረፈ ነው።

ለእናቴ በሁለቱም ፊት የታተመ፣ ቀዩም በሥር የተቀቀለ አንድ ጨርቅ አዘዝሁ። ግማሹን ዋጋ ተቀብለው፣ ዝናቡ ከመጣ ጭቃው ስለማይደርቅ ማተም እንደሚያቆሙ፣ እስከዚያ ካልደረሰ የምወስደው ከመስከረም በኋላ እንደሆነ አስጠነቀቁኝ። ባለፈው ሳምንት ደውዬላቸው ነበር። ጨርቁ ሰማያዊውን አግኝቷል፤ ቀዩ ግን ገና ነው፤ ካችም ዘንቧል።